ጋሼ ቢያድግልኝ ወፎቹን የጠየቁ ለት

ጋሼ ቢያድግልኝ ከመንዙ መንደራችን ከቀየት ወጥተው ደብረ ብርሃን ሴት ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ ቤታቸው ተዘግቶ ነው ያለው። ከደጃፋቸው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አለ። በበጋ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል እሱ ላይ ተቀምጠን፣ እሳቸው የበግ ጠጉር ሲነድፉ እኔ ስፈትል ስንቱን ቀን አሳልፈናል። አሁን ውሃ ልቀዳ ስወርድ ካቡን አየዋለሁ፤ ሣር በቅሎበታል። ልጄ ከፍ ስትል ስለሳቸው ብትጠይቀኝ የምነግራት እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሼ ቢያድግልኝ በጉብዝናቸው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የአገሪቱ የደኅንነት የበላይ ኃላፊ ሾፌር ነበሩ። በየትኛው መንግሥት ነው ሲባሉ «በመኪናው ጊዜ» ይላሉ እንጂ አይጨምሩም፤ እኔም አልጨምርም።

የደኅንነት ኃላፊ ማለት ምን እንደሆነ በኛ መንደር ሁሉም የየራሱን ያውቅ ነበር። አንዱ ግድግዳ አሳልፎ ያያል ይላል፤ ሌላው ሰው ሲያስብ ይሰማል ይላል። ለሾፌሩም ከዚያ ጥቂት ሳይተርፈው አይቀርም ተባለና ጋሼ ቢያድግልኝ «ደኅንነቱ» የሚል ስም ወጣላቸው። ጠላ ቤት ሲገቡ ወሬው ወዲያው ወደ ዝናብ ይዞራል። ዘንድሮ ዘገየ፣ አምና ይሻል ነበር፣ ገብሱ ምን ይሆን፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ እሳቸው ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ ይቆያል። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «የዚህ አገር ሰው ከዝናብ ሌላ ወሬ የለውም ብዬ ስንት ዘመን አመንኩ መሰለሽ።»

እሳቸው ግን ከሾፌርነት የተረፋቸው እግራቸው ነበር። ወደ መሐል ሜዳ ገበያ በሚኒባስ ስንሄድ ጋቢና ካልተቀመጡ አይሆንላቸውም። ቁልቁለት ሲመጣ የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ፤ ሾፌሩ ሲያጥፍ እሳቸው አብረው ያጥፋሉ። አንዱ ጎረምሳ ሾፌር ሰልችቶት መሪውን ልስጥዎት ወይ ቢላቸው፣ ያንተን መሪ ሳይሆን ያንተን ፍሬን ነው የምፈልገው ብለው መኪናው ሙሉ ሰው አሳቁ።

እኔ እንደ ሌላው አልፈራቸውም ነበር። ከወንዳፈራሁ ጋር ተጋብተን አጠገባቸው ጎጆ ስንወጣ ገና ልጅ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ እናቴም እህቶቼም ራቤል ቀርተዋል። ሰው ሲናፍቀኝ ሄጄ ካቡ ላይ ከጎናቸው ቁጭ እላለሁ። አንድ ጊዜ በድፍረት ያ ይነዱለት የነበረው ሰውዬ ሥራው ምን ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። የጠጉር መንደፊያ ደጋኑን አስቀመጡና ሥራውማ መስማት ነው አሉ። ከጧት እስከ ማታ ሰው ወሬ እያመጣ ይከምርበታል፤ ከዚያ ውስጥ እውነቱን ለቅሞ አገሩን ለሚገዛው ለትልቁ ሰው ማድረስ የሱ ፈንታ ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ደክሞት ራሱን መስኮቱ ላይ ይጥላል። አገሩን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው፣ ሚስቱ የት አምሽተህ ነው ስትለው መልስ ያጣል አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

ነገሩ የመጣው ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። የጎረቤታችን የአቶ ጌጡ ሦስት ሙክቶች ከበረት ጠፉ። ለፋሲካ ብሎ ገብስ እያበላ ያደለባቸው ናቸው። ዱካቸው እስከ ጓሳው ሣር ምድር መውጫ ድረስ ታየና ከዚያ ወዲያ ጠፋ።

ባሌ ወንዳፈራሁ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ ያኔ ከዚህ በግ እየገዛ መሐል ሜዳ ይሸጥ ነበር። በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን እያወራ ሲሄድ ሰው የሚያወራው ከሌባ ጋር ይመስለዋል። እና በጉ በጠፋ ሳምንት ውስጥ፣ ሰላም ስል ሰላምታው ከወዲያ እየቀዘቀዘ መጣ። አንዲት ሴት እሳት ልጫር ብዬ ብሄድባት እሳቱ ጠፍቷል አለችኝ፤ ጭሱ ከጣራው ላይ ይታየኛል።

በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው መስክ ይወጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው አንድ በአንድ ብቻውን ይቀርብና የሰማውን ይናገራል። «ሰማሁ» ግን አይልም፤ «ወፌ እንዲህ አለችኝ» ነው የሚለው። ወፍ ከየት መጣሽ ተብላ አትጠየቅም። ደንቡ ይህ ነው፤ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር። የብዙ ሰው ወፍ አንድ ስም ከጠራች ያ ሰው የጠፋውን ይተካል። አልተካም ካለ ከማኅበር ይወጣል፤ እሳት የሚጭርለት፣ ሬሳ የሚያነሳለት የለም።

ሦስት ሙክት የምንተካበት አልነበረንም። ወንዳፈራሁ ብንተካም ሌባ ነኝ ማለት ነው አለ። ስሙ ከተጠራ ቀየትን ለቅቀን መሄዳችን ነው፤ የት እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም። ልጄን ታቅፌ ጎጆዋን ዙሪያዋን አየሁ። ገና ጭቃዋ እንኳ በደንብ አልደረቀም።

ለዳኝነት ጋሼ ቢያድግልኝን መረጧቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ሰውዬ ጋር የዋሉ ናቸው፣ ምስጢር ማውጣት ያውቁበታል ተባለ። አሻፈረኝ ቢሉም አልተዋቸውም። አብረዋቸው አቶ አፈወርቅና አቶ በዕውቀቱ ተቀመጡ።

እኔ እንደማውቀው ከሆነ ጋሼ ቢያድግልኝ ይወዱኛል። ስለዚህ በልቤ ወንዳፈራሁን ያድኑልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጧት ስንወጣ በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ እሳቸው ግን እንደማያውቁኝ አለፉኝ።

ሰው እየቀረበ መናገር ጀመረ። እኛ መስኩ ላይ ፈንጠር ብለን ተቀምጠናል። ከጽዱ ሥር የሚመለሰው ሰው ግን ፊቱ ሌላ ሆኖ ይመጣል። አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዱ ያንን ወገኛ ሽማግሌ ማን አስቀመጠው ይላል። ኋላ ጭምጭምታው ደረሰን፤ ጋሼ ቢያድግልኝ ወፎቹን እየጠየቁ ነው። «ወፍሽ ይህን ከማን ሰማች? ያቺስ ከማን?» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር በመንዝ ምድር ተሰምቶ አይታወቅም። ገና ቀትር ሳይሆን አቶ አፈወርቅ ተነሥተው መስኩ ሁሉ እየሰማ ጮኹባቸው።

«ቢያድግልኝ፣ ይህ አዲስ አበባ አይደለም። ወፍ ጎጆዋ የት ነው ተብላ ተጠይቃ ታውቃለች?»

«ስማቸውን አልጠየቅኩም» አሉ ጋሼ ቢያድግልኝ። «ስንት እንደሆኑ ነው የፈለግኩት።»

«እንዴት ስንት? ቁጠራቸው እንጂ።»

«የመጡትን ሳይሆን የተነሱበትን ጎጆ።»

አቶ አፈወርቅ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ሰዉ መጥተው ተቀመጡ፤ እኔ በዚህ ዳኝነት የለሁበትም አሉ። ጋሼ ቢያድግልኝ እንደ መስማትም አላሏቸው። ቀጣዩን ጠሩ።

የኔ ተራ ደረሰ። ልጄን እንዳዘልኩ ቀረብኩ። አቶ በዕውቀቱ አቀርቅረዋል። ጋሼ ቢያድግልኝ እንደ ማንኛውም ሰው አዩኝና «ያንቺስ ወፍ ምን አለች?» አሉኝ።

«የኔ ወፍ አራስ ናት» አልኩ። «ከቤት አልወጣችም።»

አቶ በዕውቀቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሼ ቢያድግልኝ አልሳቁም፤ በቃ ሂጂ አሉኝ። እንደዚያ ሆድ ብሶኝ አያውቅም።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ጋሼ ቢያድግልኝ ተነሥተው ቆሙ። ወንዳፈራሁ ከወንዶቹ መሐል ነው፤ ሣሩን እየነጨ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ወፎቹ ብዙ ናቸው» አሉ። «ከግማሽ በላዩ አንድ ስም ጠርቷል። ወደኋላ እየተከተልን ብንሄድ ግን ሁሉም የተነሱት ከአንድ ጎጆ ነው። እዚያ ጎጆ ያለው ሰው ያየውም አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ የጌጡን ሙክቶች ሲያይ። ሙክቶቹን እኔም ቆሜ አይቻለሁ፤ የሚያምሩ ነበሩ። ማን እንደወሰዳቸው አናውቅም። የማላውቀውን ደግሞ አልናገርም። ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ሰዉ ወዲያው አልተነሣም። ነገሩ ሳይወጣ አውጫጭኝ ሲፈታ ያየ የለም። አቶ ጌጡ የኔ ሙክትስ በማን ላይ ይቅር ብሎ ጮኸ። ሌላው ደግሞ ቢያድግልኝ ጃጅቷል አለ። የአቶ ጌጡ ሚስት ጥሩሸዋ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ያኔ ሁሉም አወቀ፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ፣ ወንዳፈራሁ በረታችን አጠገብ ቆሞ ነበር ብላ ነበር። ሲነጋገሩት ሲነጋገሩት ከመቆም ሙክቶቹን ወደ መንዳት ደረሰ።

በማግሥቱ እርጎ ይዤ ጋሼ ቢያድግልኝ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

«ለምንድን ነው የምታመሰግኚኝ?»

ባሌን አዳኑልኝ፣ አልወሰደም ብለው መሰከሩልኝ አልኳቸው።

«አላልኩም» አሉ። «አናውቅም ነው ያልኩት። ባልሽ ወስዶ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ በዛወርቅ።»

እርጎውን እዚያው ካቡ ላይ አስቀምጬ ልሄድ ተነሣሁ። ስንቱን ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ወንዳፈራሁ ጣራቸውን ከድኖላቸው፣ እንዴት አላውቅም ይላሉ? ይህንኑ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ተቀመጪ አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ትልቁ ሰው አንድ ቀን ኃላፊውን ጠርቶ፣ በኔ ላይ የሚዶልተውን ሰው ስም አምጣ ብሎታል። የኃላፊው ሰዎች ከየአቅጣጫው ስም አመጡ፤ ሁሉም ያመጡት ያንኑ አንድ ስም። ሌላ ሰው ቢሆን ይዞ ይገባ ነበር። እሱ ግን መኪናው ውስጥ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና «ቢያድግልኝ፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ አፍ የወጣ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ ቂም አለበት» አለ። ትልቁ ሰው ዘንድ ገብቶ አላውቅም ብሎ ወጣ። ሲመለስ እንደ ወትሮው ከኋላ አልገባም፤ የፊቱን በር ከፍቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሹመቱም ቀረ፣ መኪናውም ቀረ፣ እሳቸውም ወደ መንዝ መጡ።

«ያ ስሙ የተጠራው ሰውስ? ንጹሕ ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። እሱም አላወቀም። ለዚህ ሥራ የሚቀመጥ ሰው ትልቁ ሥራው እሱ ነው፤ አለማወቁን ማወቅ፣ ያንንም ሄዶ መናገር። የቀረውን ማንም ይሠራዋል።» ከዚያ «ስለ ባልሽ እኔን ምን ታስጠይቂኛለሽ? አብረሽው የምታድሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ቀን ለባሌ ስሟገት፣ እሱን ራሱን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም ነበር። ብጠይቀው የማገኘውን መልስ ፈርቼ ነው መሰለኝ። ቤት ገብቼ ልጄን አስተኛሁና ፊት ለፊቱ ቆሜ ጠየቅኩት። ወንዳፈራሁ አልተቆጣም። በረቱ አጠገብ የቆመው ጌጡን ሙክቶቹን በዱቤ ስጠኝና ሸጬ ልክፈልህ ለማለት ነበር፤ አፍሮ ተመለሰ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የነገረኝ። አመንኩት። ማመንና ማወቅ አንድ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል፤ ግን አንዲት ሚስት በማመን ጎጆ ታቆማለች፣ ሌላ ምን አላት?

«በል እንግዲያ» አልኩት «ቁጭ ብለህ ስምህን ከምትጠብቅ፣ ከጌጡ ጋር በጉን ፈልግ።»

በንጋታው ተነሥቶ አቶ ጌጡ ደጅ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲጮኹ ብቻ ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱም በትር ይዘው በጓሳው በኩል ወደ ራቤል ገበያ ሲወጡ ከደጄ አየኋቸው፤ በመሐላቸው ሌላ ሰው የሚያስገባ ቦታ ትተው ነው የሚሄዱት። ራቤል እናቴ ቤት አደሩ። ገበያውን አሰሱ፣ ነጋዴውን ጠየቁ፣ ምንም አልተገኘም።

ሲመለሱ አብረው ወደ ቤቴ ገቡ። ብርዱ ፊታቸውን አመድ አስመስሎታል። አቶ ጌጡ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። እጃቸውን አስታጠብኩና በአንድ ገበታ አቀረብኩላቸው። ጥሩሸዋ ባሏን ፍለጋ መጥታ ከበራፉ ቆማለች፤ ግቢ አልኳት። ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ገብታ ልጄን ከጀርባዬ ፈትታ ታቀፈችልኝ።

ጋሼ ቢያድግልኝ በዚያው ሲያልፉ ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ።

«ተገኙ?» አሉ።

«አልተገኙም» አለ ጌጡ፣ ጉርሻውን እንደያዘ።

«እሺ» አሉና ጫማቸውን ከበራፉ አራግፈው ገቡ። ወንዳፈራሁ ወደ ጌጡ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።