የካፕቴን ዱፕሪ ጥምቀት እና ወይዘሪት አርባ በመቶ

ፔሊካን ፓስ በተባለችው የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ሮዜል ማክሬይን በስሟ የሚጠራት እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ። ለሌላው ሰው ሮዜል "ወይዘሪት አርባ በመቶ" ናት። ስሙን ያወጣላት ዓሣ ሻጩ ዲያቆን ካልሁን ነው። በሬዲዮ "ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የመከሰት ዕድሉ አርባ በመቶ ነው" እየተባለ የሚነበበውን የአየር ትንበያ የምትጽፈው የካፕቴን ዱፕሪ ልጅ መሆኗን የሰማ ዕለት ሳቀ፣ ሳቀና ስሙን ለጠፈባት። ከዚያ ወዲህ ባገኛት ቁጥር "ዛሬስ ከአርባው ነሽ ወይስ ከስድሳው?" ይላታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ አገሯ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት ግን ሳቁ መረረ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች የዓሣ ጥብስ በዓል ነጎድጓድ ይመጣል ብላ እንዲሰረዝ ያደረገችው እሷ ነበረች፣ ያን ቀን ደግሞ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰማዩ እስኪመሽ ድረስ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ዋለ። ያ ነገር ዓመት ሙሉ ተወራ። የዝናብ ተንባይ ዕጣው ይኸው ነው፤ ሲመጣ "አመጣህብን" ይሉታል፣ ሲቀር "ዋሸህ" ይሉታል። ሮዜል ይቅርታ አልጠየቀችም። ያን ቀን ያየችውን ሌላ ቀን ብታየው ያንኑ እንደምትጽፍ ታውቃለች፣ ለጠየቃትም ሁሉ እንዲሁ ትለዋለች። ይህም ትዕቢተኛ አስባላት።

የዚያ ባሕር ዳርቻ ሰው ስለ ነጎድጓድ አንድ እምነት አለው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ የብሱን ታግለዋለች፣ ከቀትር በኋላ የባሕሩ ነፋስ ይገባና ደመናውን ወደ ጥድ ጫካው ይገፋዋል። ነጎድጓዱ እዚያ ማዶ ሲያገሳ ይውላል፣ ዳርቻው ላይ ግን ፀሐይ ነው። ስለዚህ ፔሊካን ፓስ ውስጥ ነጎድጓድ ሲሰማ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ነፋሱ ከባሕር ወደ ፊትህ እየመጣ ከሆነ ያ ደመና ያንተ አይደለም፣ አለቀ። ብዙውን ቀንም እውነት ነው። ውሸት የሚሆነው ከላይ፣ ሰው ፊት ላይ በማይደርሰው ከፍታ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ነው። ያን ቀን ጫካው ላይ ያደገው ደመና ዞሮ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሲመለስም ሰዉ በዋና ልብስ ዓሣ እየጠበሰ ያገኘዋል።

አሁን ወደ አባቷ። ካፕቴን ዱፕሪ ማክሬይ ዕድሜውን ሁሉ በጀልባው ከባሕር ሽሪምፕ ያጠመደ፣ ሰባን የተሻገረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ዩዶራ የቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ዋልታ ናት። እሱ ደግሞ በየእሑዱ ያደርሳታል፣ ፒክአፑን ዋርካው ሥር ያቆማል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ስብከቱን ከውጭ ይሰማል። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ነው። አንድ ቀን ገብቶ አያውቅም። ዩዶራ ስትለምነው፣ ስትቆጣው፣ ስታለቅስበት ኖራ በመጨረሻ መጠየቋን ተወች፤ መጸለይዋን ግን አልተወችም። ዘንድሮ ፀደይ ላይ፣ ቁርስ ላይ የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለ "ነሐሴ ላይ እጠመቃለሁ" አላት። ዩዶራ ምን ነካህ አላለችም። ይበረግጋል ብላ ፈራች። ተነሥታ ነጭ ጨርቅ ልትገዛ ሄደች።

ጥምቀቱ በነሐሴ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባሕሩ ውስጥ ነው። ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ያን እሑድ የጠዋቱ ተራ የሮዜል ነበር። ጎህ ሲቀድ ከትንበያ ቢሮው የተለቀቀው የነፋስ መለኪያ ፊኛ የላከውን መረጃ አየች። ከላይ ያለው ነፋስ ከምሥራቅ ነበር፣ ያውም ብርቱ። አርባውን ትታ ሰባ በመቶ ብላ ጻፈች፣ "ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ወደ ዳርቻው ይመለሳል" ብላም ጨመረች። ከዚያ ለፓስተር ስትሪክላንድ ደወለች።

"ፓስተር፣ ከአምልኮው በፊት ጠዋቱን ያጥምቋቸው።"

"የኔ ልጅ፣ ከታምፓ የሚመጡት እንግዶች እኮ የሚደርሱት ለምሳ ነው። ምሳ በልተን፣ ዘምረን፣ በዘጠኝ ሰዓት። እንደ ሁልጊዜው።"

"የዛሬው እንደ ሁልጊዜው አይደለም።"

"እንጸልይበታለን" አሉና ዘጉት።

በዘጠኝ ሰዓት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ አሸዋው ላይ ነበር። መዝሙሩ ደምቋል፣ የባሕሩ ነፋስ የሴቶቹን ባርኔጣ ሊነጥቅ ይታገላል። ከሚጠመቁት ፊተኛው ካፕቴን ዱፕሪ ነው፤ ባዶ እግሩን፣ ዩዶራ የሰፋችውን ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ የሚያየውን ሰው ላለማየት ባሕሩ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። ያኔ ከወደ ጫካው ዝቅ ያለ ነጎድጓድ ተሰማ። አንድም ሰው ዞር አላለም።

ሮዜል ከመዘምራኑ መሐል ወጥታ በውሃውና በሰዉ መካከል ቆመች።

"ፓስተር፣ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ።"

መዝሙሩ እየተንጠባጠበ ቆመ።

"ጫካው ላይ ነው እኮ፣ እቴ!" አለ ዲያቆን ካልሁን። "ነፋሱ ፊትሽ ላይ አይታወቅሽም? ወይስ እሱንም በመቶኛ ነው የምትሰሚው?" ሰዉ ሳቀ።

"ይታወቀኛል፣ ዲያቆን። ከላይ ያለው ግን ወደዚህ እየገፋው ነው። ነጎድጓዱን ከሰማነው መብረቁ ይደርስብናል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ካለ እንመለሳለን።"

"ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብለሽ ዓሣዬን አስገማሽው።"

"አዎ፣ ብያለሁ። ዛሬም እያልኩ ነው።"

ፓስተሩ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሮዜል፣ እምነት የለሽም እንዴ? ስድሳ ዓመት በዚህ ቀን የነካን ነገር የለም።"

"እምነትማ አለኝ። እግዚአብሔር አስቀድሞ ድምፁን ያሰማን ለምን ይመስልዎታል? ሰምተን ዞር እንድንል ነዋ።"

ይህን ጊዜ እናቷ መጣች። ክንዷን ያዘችና በጆሮዋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተናገረች። "አንቺ ልጅ፣ አባትሽን እይው። አሁን ከዚህ ከሄደ አይመለስም። ታውቂያለሽ አይደል?"

ሮዜል አባቷን አየችው። ታውቃለች። እሺ ልትል አፏን ከፈተች ማለት ይቻላል። ደመናው ደግሞ አንዴ አጉረመረመ።

"አውቃለሁ እማዬ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ገፍቶኝ የሚያልፍ ካለ ይለፍ። ወድጄ ግን አላሳልፍም" አለች። ወይ ፍንክች።

ፓስተር ስትሪክላንድ ክፉ ሰው አይደሉም። አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰማዩን አዩና "ወደ አዳራሹ እንግባ" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነው ከባሕሩ ዳር የባሰ ነበር። በመስኮት ሲያዩት አሸዋው ላይ ፀሐይ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ያጉረመርማል፣ ሮዜልም "እንደገና" ትላለች። ደግሞ ሊሞላ ሲል ያጉረመርማል። ሰዉ የተረፈውን የተጠበሰ ዓሣ እየበላ፣ ጣፋጭ የበረዶ ሻዩን እየጠጣ በዓይኑ ይበላት ጀመር። የታምፓዎቹ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሄዱ። ካልሁን በየጠረጴዛው እየዞረ "ወይዘሪት መቶ በመቶ ሆናለች፣ ሹመት ነው" ይላል። በመጨረሻ ደመናው እውነትም መጣ፣ ግን ምን ዓይነት መምጣት? ትንሽ አካፋ፣ መብረቁ ከወሽመጡ ማዶ ባሕሩን ሁለት ሦስቴ መታ፣ አለፈ። ጥምቀቱ ሊደረግበት የነበረውን ቦታ የነካ ነገር የለም። ሰማዩ ሲጠራ ውሃው ከዳርቻው ሸሽቶ ለማጥመቅ አይበቃም፣ ሰዉ ተበትኗል፣ ካፕቴን ዱፕሪም የለም። ነጩ ቀሚስ ወንበር ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

ዩዶራ ቀሚሱን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩትን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋሽው፣ ሮዜል።"

"እኔ ነኝ፣ አዎ። ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ።"

"ራት እንዳትመጪ" አለች እናቷ።

ሮዜል መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ተሳስቼ ይሆን የሚለው ሐሳብ አንዴም አልመጣባትም። ያስለቀሳት ትክክል ሆኖ ብቻን መቅረት ነው። ፊቷን ጠርጋ ወደ ቤቷ ነዳች።

በማግሥቱ ሰኞ ከቀትር በፊት፣ ቢሮ ውስጥ ራዳሩ ላይ እንዳቀረቀረች የሕዝብ ጥያቄ የሚመጣበት ስልክ ጮኸ።

"ሜትሮሎጂ ነው?"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ማን እንደሆንሽማ አውቃለሁ። የምጠይቀው ሜትሮሎጂውን ነው። ነገ ጠዋት ባሕሩ ላይ ሰማዩ እንዴት ነው?"

ሮዜል ወንበሯ ላይ ተስተካከለች። "እስከ ቀትር ጥሩ ነው። ማን ሊገባ ነው?"

"አባትሽ ነዋ።" ቀጥላ ስትናገር ድምፅዋ ላልቷል። "ትናንት ራት አልበላም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አመሸ። እኔም ተኮሳትሬ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ምን አለኝ መሰለሽ? 'ዩዶራ፣ እኔ ባሕር ፈርቼ አላውቅም። ከእግዚአብሔርም ጋር ቢሆን ጀልባዬ ላይ ስንቴ አውርተናል። እኔ ስፈራ የኖርኩት እዚያ ቆሞ የሚያየኝን ሰው ነው። ትናንት የገዛ ልጄ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ አንቺን ሳይቀር፣ ብቻዋን ስታፋጥጥ አየኋት። ስትንቀጠቀጥም አይቻለሁ። እየተንቀጠቀጠች አልሄደችም። እኔ ካፕቴን ተብዬ ሰው ፈርቼ ልሙት?' አለኝ።"

ሮዜል ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፤ እናቷ ቀጠለች።

"እኔ ደግሞ እንዳይሸሽ ብዬ 'እንግዲያው ነገ በጠዋት ማንም ሳያይ፣ እኔና አንተ ከፓስተሩ ጋር ብቻ' አልኩት። ተቆጣኝ። 'ሁሉም ይምጣ' አለ። 'ካልሁንም ይምጣ።' አሁን ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው።"

"እማዬ፣ ጥሩ ነው ያልኩሽ እስከ ቀትር ነው። አንድ ነጎድጓድ ከሰማሁ አባዬንም ቢሆን እጁን ይዤ ነው የማወጣው። ፓስተሩ እያጠመቁትም ቢሆን።"

"እሱም ይህንኑ ነው የፈለገው። 'አጠገቤ እሷ ትቁምልኝ' ብሏል።" ዩዶራ ልትዘጋው ስትል ጨመረች። "ነጭ ልብስሽን ተኩሼልሻለሁ። እንዳታረፍጂ።"