ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሜትር

አርባ ምንጭ በሚገኘው የአትሌቲክስ ክለባችን የሜዳና የዕቃ ኃላፊ ሆኜ የተቀጠርኩት ከሚሌኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ክለቡ ያኔም አንጋፋ ነበር፤ ሴቻ ሰፈር ያለው ቢሯችን መደርደሪያው በዋንጫ ተሞልቷል። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኛችን ጋሽ መርዕድ የጨርቅ ሜትርና አንድ ከረጢት ኖራ አስረክበውኝ፣ ባለ አራት መቶ ሜትሩን የመሮጫ መስመር እንዳሰምር አዘዙኝ።

ሜትሩ ባለ ሃምሳ ነው። ስምንት ጊዜ ዘርግቼ ጨረስኩ። ጫፉ ተበጥሶ ከሁለት ሜትር ምልክት እንደሚጀምር ግን አላየሁም።

በወሩ የሯጮቹ ሁሉ ሰዓት ተሻሻለ። ጋሽ መርዕድ እግረ እርጥብ ነህ አሉኝ። እኔም አምኜ ለባለቤቴ ነገርኳት።

ከሁሉም የላቀችው ከኦቾሎ መንደር የመጣችው ዘነበች ነበረች። በአምስት ሺህ ሜትር ለክልል ውድድር ሐዋሳ ይዘናት ሄድን። ስትመራ ቆይታ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራት እግሯ ከዳት፤ ስድስተኛ ወጣች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ ሜዳው ረዘመብኝ» አለችኝ።

ሁሉም ሳቀ፤ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ጋሽ መርዕድ አልሳቁም። ልምምድ ላይ ጎበዝ፣ ውድድር ላይ ሰነፍ ናት ብለው የስንብት ደብዳቤዋን አስጻፉ።

በማግስቱ መስመሩን ላድስ ሜትሩን ስዘረጋ ዓይኔ ጫፉ ላይ አረፈ። በየዙሩ አሥራ ስድስት ሜትር ጎድሏል። አምስት ሺህ ላይ ስደምረው ሁለት መቶ ሜትር መጣ። እዚያው ኖራው ላይ ተቀመጥኩ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ዘነበች ቱታዋን አጥባና አጣጥፋ ልታስረክበኝ ስትመጣ ግን አልቻልኩም። እንድትቆየኝ ነግሬያት ጋሽ መርዕድ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ መርዕድ፣ «ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ እንዴት አልጠረጠርኩም?» አሉ። ከዚያ፣ «ደብዳቤውን እኔ እቀደዋለሁ። ለሯጮቹ ግን አንተ ትነግራቸዋለህ» አሉኝ።

ሰብስቤ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ዘነበች የሜትሩን አንድ ጫፍ አነሳችና፣ «በሉ ጋሼ፣ አብረን እንለካው» አለች።

መስመሩ ሲስተካከል የሁሉም ሰዓት ተበላሸ። ጋሽ መርዕድ በሰሌዳው ላይ የጻፉትን አዲስ ክብረ ወሰን ሁሉ አጠፉ። ዘነበች በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ወጣች፤ ከዚያም ለክለቡ የወርቅ ሜዳልያ አመጣች።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ውጤት ሲያምርም ሲበላሽም፣ ሯጩን ከመመዘናችሁ በፊት የራሳችሁን ሥራ መርምሩ።