ቅቤ የጠጣው አንገት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ይከብዳል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ። አሁን በስተርጅና ሲመጣብኝ ግን የማስበው መጻሕፍቱን ሳይሆን የአያቴን አባት፣ ወልደ ሰንበትን ነው።

ወልደ ሰንበት ሰላ ድንጋይ የተወለደ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አንኮበር ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ሲጠፋ ከቀዬው አምጥተው የግምጃ ቤቱ ጓሮ ካለች የድንጋይ ቤት አስገቡት፤ እዚያው አረጀ። በ1870ዎቹ ማብቂያ በአንዱ ክረምት፣ ከአገሩ የመጣ መነኩሴ መልእክት አደረሰው። እኅቱ ወለተሐና ዓይኗ ጠፍቶ ብቻዋን ተኝታለች፤ ሳልሞት ይምጣልኝ ብላለች።

ወደ ግምጃ ቤቱ ሹም፣ ወደ አዛዥ ገብረአማኑኤል ሄዶ እንዲያሰናብቱት ለመነ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከባሕር ማዶ የመጣችው የብረት መብሻ መኪና አንገቷ ደርቋልና እሱን አላልተህ ሂድ አሉት።

መኪናዋ በእጅ የምትዞር ናት። አንገቷ ውስጥ ሦስት መንጋጋዎች አሉ፤ አንገቱ ሲጠመዘዝ ተጠጋግተው መብሻውን ነክሰው ይይዛሉ፣ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ይለቁታል። ያን ሰሞን ግን መንጋጋዎቹ አልነቃነቅ ብለው ነበር። አዛዡ ሲመጡ ሽማግሌው የመኪናዋን አንገት በጨርቅ ጠቅልሎ ይታገላል።

«ዓይንህ ነው እኮ ያደረቀው» አሉት፤ ቀጥቃጭ ሁሉ በቡዳነት ይታማ ስለነበር ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

«ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይህን ቅቤ ይበላልኝ ነበር።»

ቅቤው የግምጃ ቤቱ ልማድ ነው። የንጉሥ ዕቃ ደርቆ አይቆምም ተብሎ፣ በየበዓሉ ዋዜማ ጠባቂዎቹ መኪናዋን እንደ ሙሽራ ለጋ ቅቤ ይቀቧታል። ቅቤው ከአንገቷ ገብቶ የብረት ብናኙን ይሰበስባል፤ የአንኮበር ብርድ ሲመታው ደግሞ እንደ ሰም ይረጋል።

ወልደ ሰንበት አንገቱን ነቅሎ በአመድ ውሃ ቀቀለው። ጥቁር ቅባት ተንሳፈፈ። መንጋጋዎቹን ከማውጣቱ በፊት በእያንዳንዱና በማደሪያው ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አኖረ፤ ቦታ ከተለዋወጡ መብሻውን አጣመው ነውና የሚይዙት። አንደኛው ጥርሱ ተጨፍልቆ ነበር። በቀጭን ሞረድ እየዳበሰ አስተካከለው፤ ሲደክመው ግንባሩን ከመኪናዋ ላይ ያሳርፋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ሁሉንም በቆዳ ወለወለ። የአሊዩ አምባው ነጋዴ በሽር የሰጠውን የጉሎ ዘይት በላባ ጫፍ አስነካው፤ ጉሎ በብርድ አይረጋም። መልሶ ሲገጥመው አንገቱ በሁለት ጣት ዞረ።

አዛዡ ራሳቸው አዙረው አዩትና ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ከመኪናዋ ሳያነሡ ጠየቁት።

«አሁን ብለቅህ፣ ዳግም ሲደርቅ ማን ይፈታዋል?»

«ቅቤ ባይቀቡት አይደርቅም።»

«ታዲያ የንጉሥ ዕቃ ሳይቀባ በዓል ይዋል? እኔ አልደፍርም፣ ወልደ ሰንበት።»

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰውየው ሥራውን ባያውቅ ኖሮ ያባርሩት ነበር፤ እኅቱንም ያገኛት ነበር። ዕውቀት ነፃ ያወጣል ሲሉን በኖርንበት ዘመን ይህን የማነሣው መልስ አጥቼ እንጂ ዕውቀትን ጠልቼ አይደለም።

ለመስቀል ዋዜማ ጠባቂዎቹ ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። ጉሎውን አሳያቸው፤ ይህ ለመድኃኒት እንጂ ለክብር አይሆንም ብለው ሳቁበት። አንገቱ ጥቅምት ሳይጋመስ ደረቀ፣ እሱም ቀቀለው። መነኩሴው የተመለሰው ኅዳር ሊጋመስ ሲል ነው። ወለተሐና አርፋለች፤ እስከ መጨረሻው በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው ትል ነበር አለው።

ወልደ ሰንበት አላለቀሰም ይባላል። እጁን በአመድ ታጥቦ ወደ አዛዡ ሄደና ከደጃፉ ቆመ። በቅሎም ስንቅም አልጠየቀም። «በእግሬ ሄጄ ለተዝካሯ ልድረስና ልመለስ» ብሎ ለመነ። አዛዡ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት፤ ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ መኪናዋ ትናንት በቅቤ እንደ ተቀባች ነገሩት።