ሦስት ባዶ ሳጥኖች

በእህቴ ሰርግ ጠዋት ሳሎናችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሶፋው ላይ። ሙሽራዋ ታናሽ እህቴ፣ ቬሎዋ እንዳይጨማደድ ቆማ። በአሥራ አራት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ጋሼ እያልኩት ያደግኩት ታላቅ ወንድሜ፣ የአባቴ ወንበር ላይ። የእናቴ ወንድም አጎቴ፣ በሩ አጠገብ። አብነት ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን የነበሩት እማማ፣ ከእናቴ ጎን። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ሪሞቱን ይዤ። ስም አልጽፍም፤ ሁላችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የምንጠብቀው ሙሽራውን ብቻ አልነበረም። አባቴንም ነበር።

አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሐኪሙ የጉሮሮ ኦፕራሲዮን ሲደረግለት ድምፁ እንደሚጠፋ በነገረው ማግስት «ድምፄ ሳይሄድ ቅዳኝ፤ ልጄን ልመርቃት» አለኝ። ኮቱን አለበስነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ በስልኬ ቀዳሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። እህቴ እንድታየው አልፈቀደም። «ሙሽራ ስትሆኚ ትሰሚዋለሽ» አላት።

ስልክ ይጠፋል ብዬ ቪዲዮውን መኝታ ቤቴ ወዳለው ማከማቻ አዛወርኩት፤ ስልኩንም በኋላ ቀየርኩት። ማከማቻው ራሴን በራሴ አስተምሬ ያስተካከልኩት፣ ሁለት ሀርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የለጠፍኳት ትንሽ ማጫወቻ በቤቱ ዋይፋይ እየገባች ፊልሙንም ፎቶውንም ከዚያ ታመጣለች። አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። በዚህ እኮራ ነበር።

ቪዲዮው ያለበትን ፎልደር «አባዬ» ብዬ ሰየምኩት። ማጫወቻዋ የአማርኛ ፊደል ስለሌላት ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሦስት ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። በላቲን ፊደል መጻፍ እችል ነበር። አባቴን በሰው ፊደል አልጽፍም ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ ላይ ከእኔ በቀር ሁሉም ማየት እንጂ መሰረዝ አይችልም ነበር። አንድ ቀን ጋሼ የጫንኩለትን የኳስ ጨዋታ አይቶ ሊያጠፋ ሲል ማጫወቻዋ ፈቃድ የለህም አለችው።

«በአባቴ ቤት ፈቃድ የምጠይቀው አንተን ነው?»

«ጋሼ፣ በስህተት የሆነ ነገር እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ እኔ?»

እናቴ ከጓዳ «ታላቅህ ነው፣ ስጠው» አለች። ሰጠሁት፤ በራሱ መግቢያ ስም፣ ሙሉ ፈቃድ።

በሰርጉ ጠዋት ሙሽራው ከተክለ ሃይማኖት መነሣቱ ተደውሎ ተነገረን። እህቴ «በል ክፈተው» አለችኝ። ከፈትኩ። ሦስቱ ሳጥኖች የሉም። ወጥቼ ገባሁ። ማጫወቻዋን አጥፍቼ አበራኋት። የሉም።

«አባትህ በሕይወቱም ሳይለመን አይናገርም ነበር፤ ለምነው እንጂ» አለ አጎቴ። ሁሉም ሳቀ፤ እህቴም ሳቀች።

«ይሄ ሁሉ ሽቦ ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው የተዘረጋው?» አሉ እማማ።

መኝታ ቤቴ ገብቼ ማከማቻው የሚይዘውን መዝገብ አየሁ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራ ነበር። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ከሳሎን ተሰርዟል፤ በጋሼ መግቢያ ስም። ወደ ሁለተኛው ዲስክ ሄድኩ። እሱም መሰረዙን በታማኝነት ገልብጦታል። ግልባጭ ከእሳት እንጂ ከሰው እጅ እንደማያድን አላሰብኩም ነበር።

ጋሼ ተከትሎኝ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሳጥን ሳጥን የሚለውን ነው? የተበላሸ ነገር መስሎኝ እኮ ነው። ቦታ ሞልቶ ኳሱ አልገባ አለኝ።»

«አባዬ ነበር» አልኩት።

መዝገቡን ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ሳሎን ወጣና ጮክ ብሎ «ኔትወርኩ ነው፤ ዛሬ አይሠራም» አለ። ስወጣ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሙሽራ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣም። ጋሼ የአባቴ ወንበር ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እህቴ ቬሎዋን ሰብስባ ጉልበቱን ሳመች። «ጓዳሽ አይጉደል፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ» አለ። አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። እህቴ በአጠገቤ ስታልፍ «ለዛሬ እንኳ?» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠፋ ፋይል በሚመልሱ ፕሮግራሞች ዲስኮቹን ቆፈርኩ። ቪዲዮው በነበረበት ቦታ ላይ ኳስ ተጽፎበታል። አባቴ የያዘው ቦታ ለአንድ ጨዋታ ግማሽ እንኳ አይበቃም ነበር፤ አስልቼዋለሁ። ጋሼ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው እንዳላየውም መዝገቡ ያሳያል።

እህቴ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የኔትወርኩ ይመስላታል። ስትደውል «ተስተካከለ? መጥቼ ልየው?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። ከእንግዲህ ግን ይህን ጽሑፍ እሰጣታለሁ፤ ባዶ እጄን ደግሞ ልሄድ አልፈልግም፤ የአባዬን ቃል የምናስታውሰውን ያህል ልያዝላት።

አባቴን ስንቀዳ ጋሼ አልነበረም። የነበርነው እናቴ፣ አጎቴ፣ እማማና እኔ ነን። የማስታውሰውን ጽፌአለሁ። መጀመሪያ ሳል ያዘው፤ እማማ ውሃ ሰጡት። «የረገጥሽው ይለምልም» አለ። ከዚያ ሳቅ አለና፣ እህቴ በልጅነቷ ልደታ ማርያም ደርሰው ሲመለሱ አንድ እግር ጫማዋ የጠፋባትን ቀን አነሣ። «ያን ቀን እንዳዘልኩሽ...» ብሎ ወደ ምርቃት አዞረው። እንዴት እንደጨረሰው ጠፍቶብኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ደቂቃ ያህልም ተሰባብሮብኛል።

እማዬ፣ አጎቴ፣ እማማ፦ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ፤ አንድ ቃልም ብትሆን። ኮቱ ቡናማ ነበር ወይስ ግራጫ? ውሃውን ጠጣው ወይስ ይዞት ቆየ? እንደነበረ ንገሩኝ፤ አታሳምሩት።