ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ሰው ጂንካ ውስጥ አለ ሲሉኝ ዶሮ ይዤ ሄድኩ።

ሰውየው የቀድሞ አስተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ሥራው አልመለሱትም። ውስጥ እግሩን ተገርፎ ስለነበር በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ ነው የሚሄደው። ከአውሮፕላን ሜዳው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሥራው ማስጠናት ብቻ አልነበረም። በማትሪክ የትኛው ትምህርት ነጥብ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ጊዜ ብቻ እንደሚበላ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ሲደረስ ቅጹ ላይ የትኛውን ፋኩልቲ አስቀድሞ መጻፍ እንደሚሻል ያውቃል ይባል ነበር።

«ዘጠነኛ ናት? ጥሩ» አለኝ። «ዐሥራ ሁለተኛ ላይ የሚያመጡብኝ ወላጆች ሬሳ ነው የሚያመጡብኝ።»

እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጎረቤታችንን ልጅ፣ እሷም ዘጠነኛ ነበረች፣ ከነሪ ወንዝ ስትመለስ ሦስት ወንዶች ተሸክመው ወሰዷት። ስትመለስ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿም የሉም። ስለዚህ ለሰውየው በሩ ክፍት ይሁን፣ እኔም ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ አልኩት። ተስማማ። ከዚያ ልጅ ለአስተማሪ ሲሰጥ ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም አልኩ።

«ይምቷት፣ ይቅጧት። ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ።»

ሳቀ። «እሺ፣ ዓይኗ ያንቺ ነው። ግርፋት የማያስወጣው መልስ የለም። በራሴ አውቀዋለሁ።»

በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እወስዳታለሁ። እሱ ወንበር ላይ፣ እሷ ምንጣፍ ላይ፣ እኔ በርጩማዬን ይዤ ደጃፉ ላይ። ከኦሞራቴ የመጣ የጉማሬ አለንጋ ነበረው። ስትሳሳት በአለንጋው ይላታል፤ ሲበዛ ጣቶቿ መካከል እርሳስ አስገብቶ ይጨምቃል፤ ሲብስ ራሷ ከወንዝ ለቅማ ያመጣችው ጠጠር ላይ ያንበረክካታል። እኔ ጎደሬዬን እልጣለሁ። አለንጋውን በመፍራት እኔ እንኳ ጥቂት የእንግሊዝኛ ግሦች ለመድኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ለማስደብደብ ዶሮ ትከፍያለሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ። «ለእኔ ብትነግሪኝ በነፃ እደበድብልሽ ነበር።»

ሳቅን። ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ስለነበር መሳቅ አልከበደኝም።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ነበር። ሰውየው ጥያቄ ጠየቃት። እኔም አልሰማሁም፣ እሷም አልሰማችም፤ ከንፈሩን ብቻ ነው ያየነው። እሱ በእልህ ዝም ያለች መስሎት መዳፉን ከፍቶ ግራ ጆሮዋ ላይ አሳረፈው። በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል ጥፊው ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ልጄ አላለቀሰችም። ውሃ የገባባት ይመስል ራሷን ዘንበል አድርጋ ነቀነቀች። ቀጭን ደም በአንገቷ ወረደ።

ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ይዤው ብነሳ የማደርገውን አውቄ ነው። የተቀመጥኩበትን በርጩማ አንስቼ ግንባሩን መታሁት። ወደቀ። ደግሜ ትከሻውን መታሁት። አማርኛው ጠፍቶኝ በአፍ መፍቻዬ በአሪኛ ነበር የምጮኸው። ሦስተኛውን ስሰነዝር ልጄ ወገቤን ያዘችኝ።

«እማ፣ ትገድዪዋለሽ!»

ሰውየው እንደምንም ቀና ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል። አልተሳደበም።

«ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ።

በርጩማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ዓይኗን ነው ያልሽኝ። ዓይኗን ነክቻለሁ?»

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል ብሎ ጥጥ ሰጠን። ወራት ሙሉ መግል ሲወጣው ከረመ፤ ሲደርቅ በዚያ ጆሮ መስማት ቀረ። ጎረቤቴ ያን ጊዜ አልቀለደችም። «ቀበሌ ክሰሺው» አለችኝ። ሄድኩ። ከቀበሌው በር ደርሼ ተመለስኩ። እኔም መትቼዋለሁና እከሰሳለሁ ብዬ እንደሆነ ነገርኳት። ውሸቴን ነው። ሰውየው ቢታሰር ቅጹን ማን ያስሞላታል ብዬ ነው።

ጆሮዋ በተመታ በሦስተኛው ሳምንት ደብተርሽን ያዢ አልኳት።

«አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ።»

«አንቺ ሂጂ። ግሦቹን ለምደሽ የለም?»

በአጥሩ ቀዳዳ ያቺ የተጠለፈችው ልጅ ሕፃኑን አዝላ በቆሎ ስትፈለፍል ይታየኝ ነበር። ከጓሮ የቡና ቅርንጫፍ ሰበርኩ። ጆሮዋን እየጠበቅሁ መታኋት፤ ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ባቷን። መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በኋላ እየጠበቅሁ እንደምመታት ሲገባት ዝም ብላ አየችኝ። ቅርንጫፉ ተሰበረ። ሌላ ልቆርጥ ስል ደብተሯን አነሳች።

ሰውየው ምንም ሳይል ተቀበለን። የቅንድቡ ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አለንጋውን ከማንሳቱ በፊት ወደ ደጃፉ፣ ወደ እኔ ያያል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እልጣለሁ። አንገት መድፋት እሺ ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ።

ማትሪኩን አለፈች። ቅጹን እሱ እንዳላት አድርጋ ሞላች፤ ያስቀደመችው ፋኩልቲም ደረሳት። የሀብታሞቹ ልጆች ሲቀሩ የእኔ ልጅ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው ተባለ። ሰውየው አላታለለኝም፤ የተናገረውን ሁሉ አድርጓል። ይህን ለሰው ስነግር ደስ ይለኝ ነበር፤ ለልጄ ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

የምትሄድ ዕለት በወይጦ በኩል የሚወጣ የጭነት መኪና አገኘንላት። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ በመስኮቱ በኩል ቁልቁል አየችኝ። እኔ የቆምኩት በቀኟ፣ በምትሰማበት በኩል ነበር።

«ለሾፌሩ አደራ ልበለው» አልኳት።

«ለእሱስ ምን ልትዪው ነው? ዓይኗን ብቻ?»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ አልሳቅሁም። መኪናውን ዞሬ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ አደራ» አልኩት። «ዓይኗንም፣ ጥርሷንም፣ እጇንም፣ እግሯንም እንደሰጠሁህ አድርስልኝ።»

«ፍየል ነው እንዴ የምታስረክቢኝ እማማ!» ብሎ ሳቀ።

«ጆሮዋንም» አልኩና ቆምኩ።

«ጆሮዋን ምን?»

ልጄ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ታያለች። ግራ ጆሮዋ በእኛ በኩል ነው። የምንለውን አልሰማችም።

«በዚህ በኩል አትሰማም» አልኩት። «ስትጠራት ዝም ካለችህ ንቃኝ ነው አትበል። እንዳትመታት። በእጅህ ነካ አድርጋት።»