እትዬ ነኢማ የጻፉልኝ ሐሳብ

ባለፈው ሰኞ ልጄ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች። ወልቂጤ ላይ ያው የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ከባጃጅ ወርዳ በር እስክትደርስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «አባዬ፣ ወጪ የሚቀንስ ሐሳብ አምጡ ተብለናል፤ አንተ የቢሮ ሰው ነበርክ፣ እስቲ አንድ ነገር በለኝ» አለችኝ። ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ቅጹን ሳገላብጥ ቆየሁ። ልጄ የመርሳት ነገር የጀመረኝ መስሏት ደነገጠች። ምነው ረስቼው በነበር!

ያኔ እኔም እንደሷ ወጣት ነበርኩ፤ እዚሁ ወልቂጤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከላይ ደብዳቤ መጣ፤ ሠራተኛው ወጪ የሚቆጥብ ሐሳብ ያቅርብ፣ ሐሳቡ የተመረጠለት ሰው አዲስ አበባ ሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ይላካል የሚል። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በዕድሜ ትንሹ እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። በመሥሪያ ቤት ትንሽ ከሆንክ ቃለ ጉባኤውም፣ የሳጥኑ ቁልፍም፣ ወቀሳውም ያንተ ነው።

ሠራተኛው ግን ፈራ። የእጅ ጽሑፋችን ይታወቃል፣ ነገ ሥራ አስኪያጁ ቂም ይይዝብናል አለ። ኮሚቴው ሁለት ከሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቆ መላ አገኘ። ሐሳቡ ሁሉ ያለ ስም በታይፕ ይጻፍ፤ ታይፒስቷ ራሳቸው ሳጥን ውስጥ ይክተቱት፤ አሸናፊው ሲለይ ባለቤቱ የእጅ ጽሑፉን ይዞ ይቅረብ። በብልሃታችን ኮራን። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ታይፒስት አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን ማንም ልብ አላለም። ከሥራ አስኪያጁ የደበቅነውን ሁሉ ተሰልፈን ለእትዬ ነኢማ ነገርን።

እትዬ ነኢማ የቡታጅራ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን ልጆቻቸውን እዚያው አያታቸው ዘንድ ትተው፣ ወልቂጤ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ጠዋት «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ይገባሉ፣ ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ታይፑ እስከ ምሳ ሰዓት አያርፍም። አገራቸው ደርሰው ሲመለሱ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ያመጡልኛል፤ ወንደላጤ ምን ይበላል እያሉ። እናቴ ቸሃ ገጠር ስለነበረች፣ ከተማ ውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ ሁለቱም ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ባለሙያው ሁሉ ደብዳቤውን በነዚህ ላይ ራሱ ይጻፍ፤ የታይፕ ሪባን ቀረ፣ ካርቦን ቀረ፣ ጥገና ቀረ ብዬ ቁልቁል ደረደርኩ። መጨረሻ ላይ፣ የታይፒስት መደብ አያስፈልግም ብዬ ዘጋሁት። ታምኑኝ እንደሆነ እንጃ፤ ይህን ስጽፍ እትዬ ነኢማ ትዝ አላሉኝም። የመደብ ነገር ነበር የታየኝ፤ ወንበሩ ላይ ሰው መኖሩን ረስቼዋለሁ።

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ሲያደርጉ ነው የገባኝ። ልነጥቃቸው አሰብኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባም አማልላኛለች። እትዬ ነኢማ ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ታይፑን መምታት ጀመሩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«‹አያስፈልግም› ከምትል ‹ሊታጠፍ ይችላል› ብትል አይሻልም?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ለበላይ ሲጻፍ ለስለስ ማለት አለበት።»

«እሺ» አልኩ።

ሳጥኑ ሲከፈት አሥራ ሰባት ወረቀት ወጣ፤ አንድ በአንድ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። አንዱ የስብሰባ ሻይ ይቅር ይላል። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ቅዳሜ አገና ገበያ በመንግሥት መኪና አይሂዱ ይላል። አንዱ ሦስት ገጽ ሙሉ የደረጃ ዕድገት አቤቱታ ነው። ሌላው ደግሞ ይህ ኮሚቴ ይበተን ይላል፤ ሰብሳቢያችን እሱን ሁለቴ አነበቡት። ስለ ታይፕ የሚያወራው የኔው ብቻ ነበር። አሸነፈ። ሰብሳቢው በተለይ የመጨረሻዋን መስመር አቀራረብ አደነቁ። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ከሥልጠናው ስመለስ እትዬ ነኢማ የሉም። መደባቸው ታጥፎ፣ ይሰናበቱ ይመደቡ ሳይታወቅ ሁለት ወር ኮሪደር ለኮሪደር ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ በሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ቡታጅራ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ተመድበዋል። ግማሹ ሰው እሰየው፣ ከልጆቻቸው ጋር ተገናኙ አለ። ግማሹ ደሞዛቸው ወርዶ ጡረታቸውም አብሮ ሊወርድ ነው ብሎ አዘነ። እኔ ምን ልበል? ጠዋት ደስ ይለኛል፣ ማታ ያፍነኛል። እሳቸውም ሥራዬን አሳጣኸኝ ብለው መልእክት አልላኩብኝም።

ከዓመት በኋላ ለሥራ ቡታጅራ ላኩኝ። በአገና በኩል፣ በእንሰቱ መሀል መኪና እየቀያየርኩ ተጓዝኩ። ከተማው በየደጁ በርበሬ አስጥቶ ያስነጥሳል። እትዬ ነኢማን መዝገብ ቤት ውስጥ፣ እስከ ጣሪያ በተቆለለ ፋይል መሀል አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ሊገላምጡኝ ነው ስል ግንባሬን ስመው ቤታቸው ወሰዱኝ። ጎመንና አይብ በቆጮ አቀረቡልኝ። ገና ሳልቆርስ ለምን ያንን ወረቀት እንደጻፉልኝ ጠየቅኋቸው።

«አራት ሰው ነው ያንኑ የጻፈው» አሉኝ፣ አይቡን ወደ እኔ እያስጠጉ። «መውጣቴ ካልቀረ ያንተ ይለፍ አልኩ። በል ብላ።»

ምንኛ እንደቀለለኝ! በላሁ፤ እንዲያውም ጨመሩልኝ። በነጋታው ስመለስ መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ነው ያ የመዘገብኩት ዝርዝር የመጣብኝ። አሥራ ሰባት ወረቀት፤ ስለ ታይፕ አንድ። ታዲያ የሦስቱ ሰዎች ወረቀት የት ገባ? ምናልባት ሌላ ሰው ጭራሽ አልጻፈም፤ እኔን ለማጽናናት የፈጠሩት ነው። ምናልባትም ሰዎቹ ጽፈዋል፤ እሳቸው ሳጥን ውስጥ ሳይከቱት ቀሩ። ግን ሦስቱን ማስቀረት ከቻሉ የኔንም ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ እኔም ደፍሬ ወረቀቴ የት ገባ ብዬ አልጠይቃቸውም ነበር።

ተመልሼ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ተነሣሁ መሰላችሁ። ዛሬ ነገ ስል ጡረታ ወጡ፤ ኋላም አረፉ፣ አላህ ይማራቸው። እኔ በዚያ ሥልጠና የተነሣ አድጌ፣ ቤት ሠርቼ፣ ልጅ አስተማርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ቅጹን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?» አለች። አላውቅም አልኳት። ዋሽተውኝ ከሆነ፣ እንጀራቸውን በገዛ እጄ አሳጥቼ እሳቸው እኔን አባበሉኝ ማለት ነው። እውነት ከሆነም፣ ከአራታችን መርጠው ዕድሉን ለኔ ሰጡኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።