የኪራይ አባት

አቶ ቢተውን በደንብ አውቃቸዋለሁ የሚል ሰው በደብረ ማርቆስ አይገኝም። ይህን የሚጽፈውም ሰው ሁለት ጊዜ ሱሪ ከማሳጠር ባለፈ አያውቃቸውም። እዚህ የሚነገረው አብዛኛው ከወሰንየለሽ ገዳሙ የተሰማ ነው፤ እሷም ብትሆን አስራ አንድ ዓመት ልጃቸው ተብላ ኖራ አውቃቸዋለሁ አትልም።

አቶ ቢተው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ የሱቅ በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪና ዘርግተው ይሠሩ ነበር። ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ የተተረተረ ይጠግናሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ወሬ አይወዱም። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ግን ለሌላ ጉዳይም ይፈልጓቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሲያጠፋ ወይም ሲቀር ትምህርት ቤቱ «ወላጅ አምጣ» ይላል። ወላጅ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመንገድ ዳር አንድ ጎልማሳ ለምኖ፣ ሻይ በዳቦ ጋብዞ፣ አባቴ ነው ብሎ ያቀርባል። የኪራዩ አባት በመምህሩ ፊት «ይህንንስ ልጅ ብዬ አልወለድኩም» ብሎ ይራገማል፣ አንድ ጥፊ ያሳርፋል፣ ወጥቶ ይሄዳል። መምህራኑም አብዛኛውን ጊዜ ይጠረጥራሉ፤ ግን ከዚያ በላይ ምን ያደርጋሉ?

ወሰንየለሽ በ1993 ዓ.ም. ከቁይ አካባቢ መጥታ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ሦስት ሴቶች ሆነው በወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እናቷ በየአስራ አምስት ቀኑ ድርቆሽና ሽሮ በአውቶቡስ ይልኩላታል። አባቷ አቶ ገዳሙ ግን የላኳት በግማሽ ልብ ነበር። ለጋብቻ ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ ደጃቸውን እየረገጠ ነው፤ እናትየው ለምነው አስፈቀዱ እንጂ ለሽማግሌዎቹ የእሺታው መልስ አልቆ ነበር። ስትነሳ አባቷ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ከጠራኝ ጠቅልዬ ነው የማመጣሽ አሏት።

ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ራሳቸው አባቷ ለአጨዳ አስጠሯት። ሦስት ቀን የተባለው አስር ቀን ሆነ። ስትመለስ የክፍል ኃላፊዋ መምህር ሀይለመለኮት፣ ከወሎ የመጣ፣ ቀልድ የማይገባው ወጣት፣ ያለ ወላጅ ክፍል አትገቢም አላት። የቀረችው በአባቷ ምክንያት መሆኑ ነገሩን እንደማያቀልላት ታውቃለች። አቶ ገዳሙ ሰው ፊት ቆመው ስለ ጤፋቸው ምክንያት የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ቢጠሩ የሚመጡት ዕቃዋን ለመሸከም ነው።

አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ወደ በረንዳው ወሰዷት። አቶ ቢተው ቀና ሳይሉ ሰሟትና የሻዩን ግብዣ አልፈልግም አሉ። ከዚያ ደብተሮቿን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ አዘዙ። በማግስቱ ደብተሮቹን እያገላበጡ ይጠይቋት ጀመር። ስንተኛ ልጅ ነሽ? በልጅነትሽ ምን ታመምሽ? የማትወጂው ምግብ ምንድን ነው? ማታ ስንት ሰዓት መብራት ታጠፊያለሽ?

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እኮ መምህሩ አይጠይቅዎትም» አለች።

«እሱ አይጠይቅ ይሆናል። እኔ የማላውቃትን ልጅ የኔ ናት አልልም።»

ትምህርት ቤት ሲደርሱ ወሰንየለሽ ለጥፊው ጉንጯን አዘጋጅታ ነበር። አቶ ቢተው ግን አልተራገሙም። በእነዚያ አስር ቀናት የትኛው ትምህርት እንዳለፋት ጠየቁ። መምህር ሀይለመለኮት ግራ ገባው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ወላጅ አልነበረም። መዝገቡን አውጥቶ እየቆጠረ ነገራቸው። ደብተር የሚያውሳት ጎበዝ ተማሪ ማን እንደሆነም ጠየቁ፤ አይናለም የምትባል ልጅ ተጠርታ መጣች። ሲወጡ መምህሩ በየወሩ መጨረሻ ቢመጡ ደስ እንደሚለው ተናገረ። አቶ ቢተው እሺ አሉ።

ወሰንየለሽ እሺታውን ለይስሙላ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን በወሩ መጨረሻ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። በሚቀጥለውም ሄዱ። በየዓርቡ ደብተሮቿ በረንዳው ላይ መቅረብ ነበረባቸው። ሂሳቡን አያውቁትም፤ ቀይ እርማቱን ቆጥረው ግን ባለፈው ሳምንት ስድስት ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሆነ፣ ለምን ይላሉ። አንድ ዓርብ ብትቀር አቶ ቢተው ቅዳሜ ጠዋት ከወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢ በር ላይ ቆመው ተገኙ።

«አባት ልትከራይ ሄዳ አለቃ ገዝታ መጣች» ብለው ጓደኞቿ ሳቁባት። እሷም ተናዳ ነበር። ግን ሰኔ ላይ ከክፍሉ አራተኛ ወጣች።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስም ይጠራል። አቶ ቢተው ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበሩ። አቶ ገዳሙ በዚያው ቀን የልጃቸውን ጓዝ ለክረምቱ ሊወስዱ መጥተው፣ ከቤት ሲያጧት ጠይቀው ትምህርት ቤት ደረሱ። መምህር ሀይለመለኮት «የወሰንየለሽ ገዳሙ ወላጅ» ብሎ ሲጠራ አቶ ቢተው ከዴስኩ ተነሡ፤ አቶ ገዳሙ ከበሩ ላይ ዱላቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ተራመዱ።

«ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ናችሁ?» አለ መምህሩ።

«እሳቸው ናቸው» አሉ አቶ ቢተው። «እኔ ምትክ ነኝ።»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። አቶ ገዳሙ ካርዱን ተቀበሉ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋልና ማንበብ አይከብዳቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሰውየው ምትክ የሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ከኅዳር አለ መምህሩ። ስትሰንፍ የሚቆጣት ማን እንደነበረ ጠየቁ። መምህሩ በአገጩ ወደ አቶ ቢተው ጠቆመ።

ሁለቱ ሰዎችና ወሰንየለሽ ወደ ኪራይ ቤቱ ሄዱ። እዚያ አቶ ገዳሙ ልጃቸውን መኝታሽን ጠቅልዪ አሏት። ጠቀለለች። ለክረምቱ ይሁን ለዘለዓለሙ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም። ገመዱን ወይዘሮ ጥሩነሽ አሰሩላት።

አቶ ገዳሙ ወደ አቶ ቢተው ዞሩ።

«ልጄን በውሸት ወስደሃታል» አሉ። «ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ ሌላ አባት ያላት ልጅ ናት ይሉኛል። ወይ ዛሬ ይዣት እሄድና አትመለስም፣ ወይ ውሸቱን እውነት ታደርገዋለህ።»

አቶ ገዳሙ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለአቶ ቢተው ገባቸው፤ እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ገባው። ባዕድ ሰው አባት መሆን ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጅ ትጠባዋለች፣ የጡት አባት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጥፋቷ ጥፋቱ ነው፤ ሠርጓም ለቅሶዋም ይመለከተዋል። በሻይ ግብዣ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አቶ ቢተው እጃቸውን ገልብጠው አዩ። ወሰንየለሽ እምቢ የሚሉ መስሏት ነበር። በመጨረሻ «እጄ የመኪና ዘይት ነው» አሉ።

«ውኃ እንደሁ ሞልቷል» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ማሩ እናቷ ለአከራይዋ የላኩት ነበር፤ ክዳኑ ተከፈተ። ወሰንየለሽ ተንበርክካ ሦስት ጊዜ ጠባች፤ ከማሩ ሥር የሳሙናውን ምሬት ዛሬም ታስታውሳለች። አቶ ገዳሙ እንግዲህ መስከረም ላይ አንተው ትቀበላታለህ ብለው ጓዙን አነሡ። ሽማግሌዎቹ ያን ክረምት እምቢታ ይዘው ተመለሱ።

አስረኛን ጨርሳ መምህርነት ተማረች፣ ሉማሜ ተመደበች፣ አገባች። በሠርጓ ሁለት አባቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ብዙም አላወሩም። ራሷም «ወላጅ አምጣ» የምትል መምህርት ሆነች። የኪራዮቹን ወዲያው ታውቃቸዋለች፤ ለመማታት ይቸኩላሉ፣ ስለ ትምህርቱ አይጠይቁም። አታጋልጣቸውም። ያለፈውን ትምህርት ብቻ እየቆጠረች ትነግራቸዋለች። አንዳንዱ ቆሞ ይሰማል፣ አብዛኛው አይሰማም።

በ2004 ዓ.ም. ወይዘሮ ጥሩነሽ ሊጠይቋት ሉማሜ መጥተው ሲጨዋወቱ፣ አቶ ቢተው እሷ ከመምጣቷ በፊት ክንዴ የሚባል ወንድ ልጅ እንደነበራቸው ነገሯት። ሰባተኛ ክፍል ሳለ ወላጅ አምጣ ተብሎ ተልኮ፣ ወላጅም እሱም ሳይመለሱ እንደቀሩ፣ ከዚያ ልጁ ከተማውን ለቆ የት እንደገባ እንደማይታወቅ አወሩላት። ስንት ዘመን ሲያውቁ ለምን እስካሁን እንዳልነገሯት ስትጠይቅ፣ ማን ጠይቆኝ አሉ።

በዚያው ሳምንት ትንሿን ልጇንና የዩኒፎርሟን ጨርቅ ይዛ ደብረ ማርቆስ ሄደች። አቶ ቢተው መነጽር አድርገዋል፣ መኪናው ግን ያው ነው። የልጅቷን ትከሻ ለኩ፣ ክንዷን ለኩ፣ ታድጋለችና እጅጌው ረዘም ይበል አሉ። ልጅቷ ወደ ሱቁ ስትገባ ወሰንየለሽ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ክንዴ ወላጅ አምጣ የተባለ ዕለት የት ነበሩ?»

አቶ ቢተው ሜትሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ይህንን አልመልስልሽም፣ ልጄ» አሉ።